አራት ጣት ትርፍ

ጎልፍ መትተን እናውቃለን። ሳቁ እንጂ፣ ምን ችግር አለው? ያን ቀን ከሁሉም ሰው ቀድመን የሳቅነው እኛው ነን። «የኪራሙ ልጅ» እና «ጎልፍ» የሚባሉት ቃላት ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ለሌላው ቦታ የሚለቅ ነው የሚመስለው።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር እናስተካክል። «እኛ» የምንለው ማዕረግ ፈልገን አይደለም። ያደግነው ስድስት ልጆች በነበሩበት ቤት ነው። እዚያ ቤት «የእኔ» የሚባል ነገር አልነበረም። ጫማው የእኛ፣ ብርድ ልብሱ የእኛ፣ የተሰበረው ብርጭቆም የእኛ ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ስለዚህ «ቁመታችን 1 ሜትር ከ58 ነው» ስንል የስድስታችን ቁመት ተደምሮ ሳይሆን የዚህች ጸሐፊ ብቻ መሆኑ ይታወቅልን። «ግራኝ ነን» ስንልም እንደዚያው። ከስድስቱ በግራ እጇ የምትጽፈው አንዷ ናት።

ኪራሙን ለማታውቁት፦ ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ነቀምት ትደርሳላችሁ። ከነቀምት ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓባይ አቅጣጫ፣ በጊዳ አያና በኩል ትቀጥላላችሁ። ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። በቆሎው፣ ኑጉ፣ ሰሊጡ፣ ጭቃው… ጭቃውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ወደ ጎልፉ እንመለስ። በጋዜጠኝነት ከተመረቅን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። በሙከራ እንሠራበት የነበረው ዝግጅት ክፍል አለቃ ባዶ የቀረች አንዲት ገጽ ነበረችበት። «ሂጂና ስለ ጎልፍ የሆነ ነገር ይዘሽ ነይ» አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ ለዛሬ ሰው እንግዳ ቢመስልም አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ መኖሩን ብዙ የከተማው ሰው ያውቃል። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ደግሞ ታክሲ ውስጥ «ጎልፍ ክለብ ወራጅ!» ማለት የተለመደ ነው። ወራጁ ጎልፍ ይጫወታል ማለት ግን አይደለም።

ከሜዳው ስንደርስ አንድ ከአሜሪካ የመጡ ጋሼ አገኘን። ረጅም ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ የዱላ ጫካ አለ። ደንቡ በአንድ ጨዋታ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ እንደማይፈቅድ የነገሩን እሳቸው ናቸው። እኛ ግን 14 ዱላ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ያየነው ለሠርግ ድንኳን ሲተከል ብቻ ነበር።

«ሞክሪ እንጂ» አሉን።

ሞከርን። ዱላው ደረታችን ላይ ደረሰ ማለት ይቻላል። ግራኝ ስለሆንን በተለመደው ጎናችን ቆምን። ለካ የጎልፍ ዱላ ፊትና ጀርባ አለው! በግራ በኩል ቆሞ ቀኝ እጅ የሚጠቀም ሰው ዱላ ማንሳት ማለት በቢላዋ ጀርባ ሽንኩርት እንደ መክተፍ ነው። ዞረን በቀኝ ቆምን። መታን። ሣሩ ተነቀለ። ኳሷ እዚያው ተቀምጣ አየችን። ደገምን። ኳሷ ሁለት ክንድ ያህል ተንከባልላ ቆመች። የሜዳው ልጆች በትህትና ወደ ሌላ ቦታ ዞረው ሳቁ።

በዚህ ጊዜ ጋሼ አንድ ነገር አሉን፦ «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ይሄ ዱላ የሚያውቀው እኔን ነው።»

እኛ ደነገጥን። ኳሷን ስለሳትን አይደለም። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ከዓመታት በፊት ኪራሙ ውስጥ ሰምተነው ስለነበር ነው።

*

በመጀመሪያ የጋሼን እንጨርስ። ማስታወሻ ደብተራችንን አውጥተን ሙያው ምን እንደሆነ ጠየቅናቸው። ነገሩ ለካ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ልክ እንደ መስጠት ነው። ቸኩሎ ከሱቅ ተሰቅሎ ያየውን የሚገዛ አለ፤ ልኩን ሰጥቶ የሚያሠራም አለ።

ልክ የሚወስደው ባለሙያ መጀመሪያ ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ቁመት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተጫዋቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲለቅ፣ ከእጁ አንጓ እስከ መሬት ያለው ርቀት ነው። ቁመት ብቻውን አይበቃም። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ሰዎች አንዱ ክንደ ረጅም፣ ሌላው ክንደ አጭር ሊሆኑ ይችላሉ። ክንደ ረጅሙ እጁ ለመሬት ስለሚቀርብ ብዙ ዘንግ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማዕዘኑ ነው። ዘንጉና የዱላው ራስ የሚገናኙበት ማዕዘን ለተጫዋቹ አቋም ካልተስማማ፣ ሰውየው ምንም ያህል አሳምሮ ቢመታ ኳሱ ያጣምማል። ለምሳሌ በቀኝ የሚመታ ሰው ማዕዘኑ በጣም የቀና ዱላ ከያዘ የራሱ ጫፍ ወደ ላይ ይነሣና ኳሱ ወደ ግራ ያዘነብላል። በጣም የተኛ ከሆነ ደግሞ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ምስኪኑ ሰው ግን ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል። ወገቡን ያጣምማል፣ ትከሻውን ያዞራል፣ እጁን ያጥፋል። ዱላውን ማስተካከል ሲገባው ራሱን ለዱላው ያጎብጣል።

ሦስተኛው የዘንጉ መተጣጠፍ ነው። ቀስ ብሎ የሚያወዛውዝ ሰው ለስላሳ፣ የሚለመጥ ዘንግ ይረዳዋል። በኃይልና በፍጥነት የሚመታ ሰው ጠንካራውን ይፈልጋል። አራተኛው እጀታው ነው፤ ለትንሽ መዳፍ ወፍራም እጀታ አይሆንም። አምስተኛው ደግሞ የራሱ ክብደት ነው።

ይህን ሥራ ወደ ሠፊው ገበያ ካወጡት ሰዎች አንዱ ካርስተን ሶልሃይም ይባላል። ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። መጀመሪያ ጫማ ሠሪ ነበር፤ በኋላ መሐንዲስ ሆነ። ጎልፍ የጀመረው በ42 ዓመቱ ነው። የቀረቡለት ዱላዎች ስላልተመቹት እ.ኤ.አ. በ1959 ከቤቱ ጋራዥ ውስጥ የራሱን መሥራት ጀመረ፤ ፒንግ የሚባለው ኩባንያ ከዚያ ወጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ኩባንያው የዱላ ማዕዘኖችን በቀለም ነጥብ መለየት ጀመረ። ጥቁር ነጥብ ለመደበኛው፣ ሌሎች ቀለሞች ደግሞ ከዚያ ለቀናውና ለተኛው። እኛን የገረመን መሐንዲስነቱ አይደለም፤ ጫማ ሠሪነቱ ነው። የሰው እግር እንደማይመሳሰል ከጫማ ሠሪ በላይ ማን ያውቃል?

ዛሬማ ነገሩ ረቅቋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ትራክማን የተባለ የዴንማርክ ኩባንያ የኳሱንና የዱላውን ጉዞ በራዳር የሚከታተል መሣሪያ ሠርቷል። ራዳር! አውሮፕላን የሚጠበቅበት ነገር ለኳስ ዋለ። ሆኖም ጋሼ እንደነገሩን መሣሪያው ረቀቀም አልረቀቀ ሕጉ አንድ ነው። በሜትር የሚወሰደው ልክ መነሻ ብቻ ነው። የመጨረሻው ልክ የሚገኘው ሰውየው መትቶ ሲታይ ነው። ከዱላው ሥር ቴፕ ይለጥፉና ከሰሌዳ ላይ ያስመቱታል። ቴፑ የቱ ጋ እንደተፋቀ አይተው ያስተካክላሉ።

«ለግራኝስ?» አልናቸው።

«ለግራኝ የግራኝ ይሠራል። ዋናው መናገር ነው» አሉ። ከዚያም ስለ ቦብ ቻርልስ ነገሩን። የኒውዚላንድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የብሪታንያውን ኦፕን ሲያሸንፍ ከታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች አንዱን በማሸነፍ የመጀመሪያው ግራኝ ሆነ። ፊል ሚክልሰን ደግሞ በሌላው ነገር ሁሉ ቀኝ ሆኖ ጎልፍ ብቻ በግራ የሚጫወት ነው። ልጅ እያለ አባቱን ፊት ለፊት ቆሞ እንደ መስታወት እያየ ስለ ተማረ።

ገጿ ሞላች። አለቃችን ደስ አለው። እኛ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም።

*

ኪራሙ ውስጥ አጠገባችን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። «ኦቦ» ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን ሳንጨምር፣ በደፈናው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ የመጥረቢያ እጀታ፣ የማረሻ ድግር ሁሉ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ታኅሣሥ ሲገባ ግን የደጃፋቸው ወረፋ ይለወጣል። ልጆች እንጨት ይዘው ይመጣሉ፤ የገና ዱላ ይሠራ ዘንድ።

ለከተማ ልጆች እንንገር፦ ገና በዓሉ ብቻ ሳይሆን ጨዋታውም ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዝና ሩር የምትባል ከእንጨት ወይም ከቆዳ የምትሠራ ኳስ እየተመታች ሁለት ቡድን ይፋለማል። የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ከሚል ትውፊት ጋር ይያያዛል። በጃንሜዳ ትልቅ ጨዋታ ይደረግበት እንደነበር፣ ዛሬም በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በእኛ ከተማ ጨዋታው ሁለት ስም ነበረው። ግማሹ ልጅ «ገና» ይለዋል፤ ግማሹ ልጅ «ቂሌ» ይለዋል። ሩሯ ግን ስሟን ሳትጠይቅ ነው የምትበረው። «ወይራ» ያለውም «ኤጀርሳ» ያለውም ከአንድ ዛፍ ነው የሚቆርጠው።

ገና የወንዶች ጨዋታ ነው ይባላል። እማዬም ይህንኑ ነበር የምትለን። እኛ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሳለን የወንድም ጋሼን ዱላ ሰርቀን ከቤት ጀርባ እንለማመድ ነበር። ዱላው ረጅም ነው። ወፍራም ነው። ስናወዛውዘው እሱ ነው እኛን የሚያወዛውዘን። አንድ ቀን ኦቦ በአጥር ላይ አዩን። ያፈርነውን ማፈር አትጠይቁን። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ አልሳቁምም።

«ኢንተላ ኮ፣ ያ ዱላ የሚያውቀው ወንድምሽን ነው» አሉን። «ነይ፣ ልክሽን ልውሰድ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ልካችንን የወሰደ ሰው አልነበረም። እውነቱን ነው የምንላችሁ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲገዛልን «ታድግበታለች» ተብሎ ሁለት ዓመት የሚቀድመን ይገዛል። ልክ ሲሆንልን ይቀደዳል። ጫማው ከላይ የሚወርድ ነው። ግራ እጃችንን ደግሞ አንድ አስተማሪ በማስመሪያ ጫፍ እየመታ ወደ ቀኝ ሊመልሰው ደክሟል። በቃ፣ ዓለም ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ነው፤ የእኛ ሥራ ማደግ ወይም ማጠር ነው።

ኦቦ ባዶ እግራችንን አቆሙን። እጃችንን ለቅቀን እንድንቆም አዘዙን። ከዚያም ክር አወጡና ከእጃችን አንጓ እስከ መሬት ዘረጉት። አዎ፣ ከእጅ አንጓ እስከ መሬት! ጋሼ ስለዚህ ልክ ሲነግሩን ብዕራችን ለምን እንደቆመ አሁን ገባችሁ? ራዳር ያላቸው ሰዎችና ክር ያላቸው ሽማግሌ የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው።

ክሩን ቋጥረው አስቀመጡ። ከዚያ ባዶ እጃችንን እንድንመታ ጠየቁን። ዱላም ሩርም የለም፤ አየሩን መታነው። ሦስት ጊዜ። እግራችንን አዩ፤ ከዚያ ትከሻችንን። «ግራኝ ነሽ» አሉ፤ እንደ ነውር ሳይሆን «ዛሬ ማክሰኞ ነው» እንደሚባለው። ቀጥለው «እየሮጥሽ ነው የምትመቺ ወይስ ቆመሽ?» አሉን። እኛ እየሮጥን ነው፤ በዚያ ቁመት ቆሞ የሚጠብቅ ማን አለ? «እንግዲያ ከባድ ራስ አይሆንሽም» አሉ።

ወይራ ከባድና የማይበገር ነው፤ ቆሞ ለሚመታ ጎበዝ ይሆናል። ለእኛ ክትክታ መረጡ። የሚለመጥ። እርጥቡን በእሳት እያሞቁ፣ እየጎበጡ፣ በገመድ አስረው አከረሙት። ቆልመሙን እንደ ወንድም ጋሼ ዱላ አላደረጉትም። አጭር ሰው ዱላውን አዘንብሎ ስለሚይዝ የጫፉ ማዕዘን ከፈት ማለት አለበት አሉ። እጀታውን በጠርሙስ ስባሪ እየፋቁ፣ አውራ ጣታችንና መሃል ጣታችን ዙረው እስኪነካኩ ድረስ አቀጠኑት። የገና ዱላ ድቡልቡል ስለሆነ ፊትና ጀርባ የለውም፤ ግራኝም ቀኝም እኩል ይመታበታል። በዚህ በኩል ከሜዳ ሆኪ ይሻላል። የሆኪ ዱላ አንድ ጎኑ ብቻ ነው ጠፍጣፋ፤ በጀርባው መምታት በደንቡ አይፈቀድም፤ በግራኝ ዱላ መጫወትም እንደዚያው አይፈቀድም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደረጉ። የዱላውን እግር በከሰል አጠቆሩትና «ምቺ» አሉን። መታን። ሩሯን አነሡና ጥቁሩ የት እንዳረፈ አዩ፤ ዱላውንም አዩ። በመጥረቢያ ትንሽ ላጡ። እንደገና አጠቆሩ። «ምቺ።» አምስት ስድስት ጊዜ ይሆናል። በመጨረሻው ሩሯ አጥር ዘልላ ሄደች። እኛ ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እንሰማዋለን። ደረቅ፣ አጭር፣ ንጹሕ። እጃችን ላይ ምንም አልተሰማንም። ልክ የሆነ ዱላ ሲመታ እጅ አያምም።

በዚያ ዓመት በገና ሜዳ ገባን። እማዬ አይታ እንዳላየች ሆነች። በመጀመሪያው ቀን የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ቅልጥም መታን። ግን በገና ጨዋታ ጌታም በሎሌው አይቆጣም ስለሚባል ተረፍን።

*

አሁን ደግሞ የማንወደውን ክፍል በአጭሩ እንጽፈዋለን።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. እኛ ለክረምት እረፍት ቤት ነበርን። በዚያ ወር በወረዳው የሆነውን ሀገር ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታጣቂዎች ጥቃትና ያንን ተከትሎ በመጣው ብሔር ተኮር የበቀል ግድያ ከ210 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ሰው በየአቅጣጫው ሸሸ። የሸሸው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። እኛ በአንዱ መንገድ ወጣን። ኦቦና ቤተሰባቸው በሌላው።

ስንወጣ ወንድም ጋሼ እጁን ወደ ጣራው ማገር ሰደደ። ዱላዎቹ የሚሰኩት እዚያ ነው፤ የእሱም የእኛም። እማዬ እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ዱላ የያዘ ወንድ መንገድ ላይ ምን ይመስላል?»

ተወው። የአሥር ዓመት ልጅ ልክ የተቀረጸባት፣ ቅልጥም ከመምታት ያለፈ ወንጀል የማታውቅ የክትክታ ዱላ ከማገሩ ላይ ቀረች። ያን ዕለት ዱላ ጨዋታ መሆኑ አበቃ። ትልቁ ሐዘን ይህ አልነበረም። ሰው ባለቀበት ስለ እንጨት ማልቀስ ነውር መሆኑን እናውቃለን። ለዚህም ነው ለማንም ሳንነግር የቆየነው።

ከዚያ በኋላ በየደረስንበት አንድ ጥያቄ ይጠብቀን ነበር፦ «የማን ወገን ናችሁ?» ኬላ ላይ፣ መጠለያ ውስጥ፣ ቤት ልንከራይ ስንሄድ። ጠያቂው እጁ ላይ ተሰፍቶ ያለቀ ሁለት ልብስ ይዟል። አንዱን ማጥለቅ ነው። ቢጠብብህም ቢሰፋህም። ክር ይዞ «ነይ፣ ልክሽን ልውሰድ» ያለ አንድም ሰው አላጋጠመንም።

*

ያን የጎልፍ ጽሑፍ ባስረከብን ማግስት ኦቦን ፈለግናቸው። በሰው በሰው ተጠያይቀን የልጃቸውን ስልክ አገኘን። ነቀምት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ተጠግተው። ስንደውል እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን እንበል? በዚያ ወር የደረሰባቸውን አናውቅም። እሳቸውም የእኛን አያውቁም። ሁለታችንም ወገን ሁሉ እየተቆጠረ «የእናንተ» እና «የእኛ» እየተባለ የከረመ ሰው ነን። እኛ ራሳችን «እኛ» ማለት ያስፈራን በዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

ሰላምታው ረጅም ነበር። ከብቱ፣ እናትሽ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ። ከዚያ ዝም ተባለ። ከዚያም እሳቸው፦

«ዱላሽ አለች?»

«ማገሩ ላይ ቀረች፣ ኦቦ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ብትኖርም አትሆንሽም። የአሥር ዓመት ልጅ ዱላ ናት። አሁን ምን ያህል ሆንሽ?»

1 ሜትር ከ58 አልናቸው።

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ክር አለሽ?»

ክር አመጣን። የጎረቤታችንን ልጅ ጠርተን አስለካን። እሷ ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ክሩን ከአንጓችን እስከ ወለሉ ዘረጋችው፤ እኛ ስልኩን በትከሻችን ይዘን ባዶ እግራችንን ቆመናል። 79 ሴንቲ ሜትር። «በክንድና በስንዝር ንገሪኝ» አሉ። ነገርናቸው። «ግራኝነትሽስ?» አሉ። «አለ» አልናቸው። ሳቁ። «አሁንም እየሮጥሽ ነው የምትመቺ?» አሉ። ይህኛውን ወዲያው መመለስ አልቻልንም። በመጨረሻ «አሁንስ ቆመን ለመምታት እንሞክራለን» አልናቸው። «እንግዲያ ወይራ ነው» አሉ።

በአውቶቡስ መጣች፤ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ። አውቶቡስ ተራ ሄደን ስንቀበል ረዳቱ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «የጨዋታ ዕቃ ነው» አልነው። ግራና ቀኝ አይቶን ሰጠን።

ቤት ወስደን ለካናት። ረዝማለች። ወደ አራት ጣት ትተርፋለች። ተገረምን። ኦቦ ልክ ይስታሉ? ደወልን።

«ሆን ብዬ ነው» አሉ። «እንጨት ይቆረጣል እንጂ አይቀጠልም። የመጨረሻውን ልክ በስልክ አልወስድም። ሜዳ ላይ ነው። ከሰል አጥቁሬ፣ ስትመቺ አይቼ ነው የምቆርጠው።»

«የት ሜዳ፣ ኦቦ?»

«የት አለ ሌላ ሜዳ?» አሉ።

ጋሼም ብለውን ነበር። በሜትር የሚወሰደው መነሻ ነው፤ የመጨረሻው ልክ ሰውየው ሲመታ ታይቶ ነው። እሳቸው ይህን የተናገሩት ስለ ራዳርና ስለ ቴፕ ነው። ኦቦ ደግሞ ስለ ሌላ ነገር ይናገሩ እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

ጓደኞቻችን ቤት ሲመጡ ጥግ ላይ ቆማ ያይዋታል። «ለሌባ ነው?» ይላሉ። አንዱ አናጺ ወዳጃችን አንስቶ መዘናትና «ይቺ ትረዝምብሻለች፤ አምጪ፣ በደቂቃ ልቁረጥልሽ» አለን። መጋዙም በእጁ ነበር። ደግ ልጅ ነው። አመሰገንነውና ዱላዋን ከእጁ ተቀበልነው።

ገና በመጣ ቁጥር አንድ ጊዜ ከግቢ ይዘናት እንወጣለን። አራት ጣት ዝቅ አድርገን እንይዛትና አየሩን እንመታለን። ሦስት ጊዜ። ትርፉ ክርናችንን ይነካናል፤ ትንሽ ያምማል። ከዚያ ወደ ቦታዋ እንመልሳታለን፤ ሳትቆረጥ።

ቸር ይግጠመን።